የመሃለኛው ኩሽኔታ

ሃያ ስድስት ዓመት ሌሎች የሠሩትን ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ኮቨንትሪ ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ የመለኪያ ክፍል ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የክፍሉ ሙቀት ክረምትም ሆነ በጋ ሃያ ዲግሪ ነው፤ ብረት በሙቀት ስለሚያብጥ ሁሉም በአንድ ሙቀት ካልተለካ ልኩ አይታመንም። ሠራተኛው የቆረጠውን ያመጣል፤ እለካለሁ፤ ልክ ከሆነ ቁጥር 31 የተቀረጸበትን የብረት ማኅተሜን በመዶሻ መትቼበት አሳልፈዋለሁ፤ ካልሆነ ቀይ ቀለም ቀብቼ እመልሰዋለሁ። ወንዶቹ «እመቤት አይሆንም» ይሉኝ ነበር። ስሙ አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ ስሙን ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ «በዕድሜዋ አንዲት ቡሎን ሠርታ አታውቅም።» ያስቀየመኝም እውነት ስለነበረ ነው።

ስለዚህ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሞተር ልሠራ ተነሣሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ኤምጂኤ የተባለች መኪና ከአንድ ገበሬ ጎተራ ገዛሁ። አካሏ ሙሉ ነበር፤ ሞተሯ ግን ተፈታትቶ በአራት የብስኩት ቆርቆሮና በአንድ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ ተቀምጦ ነው የመጣልኝ።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ክበባችን ጋራዥ ቦዩ ዳር ያለ የቀድሞ የከሰል መጋዘን ነው። አባላቱ አርባ ግድም ነን፤ ቁልፍ ያላቸው ግን አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ ያኔ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ቁልፍ በመዋጮ አይገኝም። የአንድን ሞተር የታችኛውን ክፍል፣ ማለትም ክራንኩን ከነኩሽኔታዎቹ፣ በራስህ እጅ ትገጥማለህ። የዘይት ገንዳው ከመዘጋቱ በፊት ሚስተር ሆሬስ ዋግስታፍ መጥተው ክራንኩን በአንድ ጣታቸው ይሞክሩታል። ከዞረላቸው «ዞረ!» ይላሉ፤ ቁልፉን ይሰጡሃል፤ አንተም ለተገኘው ሰው ሁሉ የሥጋ ፓይ ትጋብዛለህ። ካልዞረ፣ ወይም ከዞረ በኋላ በማናቸውም ምክንያት ተመልሶ ከተፈታ፣ አንድ ዓመት በባለቁልፍ ሥር ትሠራለህ። ደንቡ በሚስተር ዋግስታፍ የእጅ ጽሑፍ ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል።

ያቺን ቁልፍ ፈለግኋት። ቁልፍ የያዘ ሰው የሠራ ሰው ነው፤ ሌላ ምንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

ሚስተር ዋግስታፍ ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በፋብሪካው የቶርኖ ክፍል አለቃ ነበሩ። ከሳቸው ክፍል የመጣውን ስንት ጊዜ ቀይ ቀብቼ እንደመለስኩ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሚስ ትራንተር»፣ «ሚስተር ዋግስታፍ» ስንባባል ኖረን፣ ጋራዡ ውስጥም አልተውነውም።

ሥራውን የጀመርኩት በጥር ነው። ክራንክ ማለት የፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጥ ጠማማ የብረት ዘንግ ነው። በኔ ሞተር ውስጥ በሦስት ቦታ ይተኛል፤ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ። በየቦታው ሁለት ስስ ግማሽ ክብ ኩሽኔታዎች እንደ ሁለት መዳፍ ያቅፉታል። አንደኛው በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለተኛውን ወፍራም የብረት ክዳን ይይዘዋል፤ ክዳኑም ግራና ቀኝ በሁለት ዳዶ ይታሰራል። በክራንኩና በኩሽኔታው መካከል ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል። የኔ ክፍተት የኢንች ሁለት ሺሕኛ መሆን ነበረበት። ከፀጉሬ ይቀጥናል፤ ፀጉሬን ለክቼዋለሁ። ክፍተቱ ከጠበበ ክራንኩ ይነክሳል፤ ከሰፋ ዘይቱ ይሸሻል። ከሁለቱም የሚብሰው ክዳኑ ኩሽኔታውን አጥብቆ ሳይይዘው ሲቀር ነው። ያኔ ኩሽኔታው ከክራንኩ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል፤ የዘይቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩም መንገድ ላይ ይሞታል።

ሦስት ሳምንት ያጠፋሁት በማጽዳት ብቻ ነው። ብሎኩን ገልብጬ በማቆሚያው ላይ ካሰርኩ በኋላ እያንዳንዱን የዘይት መተላለፊያ በረጅም ብሩሽ ፈትጌ፣ ነጭ ጨርቅ በሽቦ እየሳብኩ አሳለፍኩበት። ጨርቁ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላቆምኩም።

«ቤሪል፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የክርስትና ልጅ?» አለኝ ዴስ ኪበርድ አንድ ቀን በትከሻዬ በላይ እያጮለቀ። ዴስ ባለቁልፍ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ነጂ፤ አፉን ዘግቶ የዋለበትን ቀን አላየሁም።

«የክርስትና ልጅ ቢሆን አንተን አልጠራህም ነበር» አልኩት።

«እንዴት አትጠሪኝ፣ እኔ አይደለሁም እንዴ ፓዩን የምበላው?»

«ገና አልዞረም።»

«አይዞርም ብለሽ ነው? አለቃ ጣታቸውን እያሟሹ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

ከማጽዳቱ በኋላ መለካት መጣ፤ እሱ ቤቴ ነው። ክራንኩን በየማረፊያው በአራት አቅጣጫ በማይክሮሜትር ለካሁት። ከዚያ ኩሽኔታዎቹን አስገብቼ፣ ክራንኩን አስተኝቼ፣ በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ እንደ ሰም የለሰለሰች ቀጭን አረንጓዴ ክር አጋደምኩ። ክዳኑን ከላይ አስቀምጬ ሁለቱን ዳዶዎች ኃይል በሚለካ መፍቻ እስከ ሰባ ፓውንድ አጠበቅሁ። መፍቻው ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ መሳብ ክልክል ነው። ክዳኑን መልሼ ፈትቼ ክሯ ምን ያህል እንደተለጠጠች ከወረቀት መለኪያዋ ጋር አስተያየሁ። በሰፊው ከተለጠጠች ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ በጠባቡ ከቀረች ሰፊ ነው። ከፊት ሁለት ሺሕኛ። ከመሃል ሁለት። ከኋላ አንድ ነጥብ ስምንት። ከዳር እስከ ዳርም ስፋቷ እኩል ነበር።

ክዳኖቹ ጠብቀው ሳሉ ሌላም ያደረግሁት ነገር አለ። በእያንዳንዱ ዳዶ ጠርዝና ከሥሩ ባለው ክዳን ላይ አንድ ቀጥ ያለች የነጭ ቀለም መስመር አሰመርኩ። ዳዶው በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ኃይል ሲጠብቅ መስመሩ ከመስመሩ ጋር መግጠም አለበት። ማንም አላስተማረኝም፤ የተለካ ነገር ምልክት ሳይኖረው ማለፉ ስለማይጥመኝ ነው።

እዚህ ላይ ከሃያ ስድስት ዓመት ልማዴ የመጣውን ነገር አደረግሁ። የመሃለኛውን ክዳን በጠረጴዛው ላይ በጎኑ አስቀመጥኩት። ሁሉም ልክ ነው። በሕይወቴ ከእጄ የወጣ የመጀመሪያው ሥራ ልክ ሆኗል፤ የለካሁትም እኔ ነኝ። ከሻንጣዬ ማኅተሜን አወጣሁ። ፋብሪካው ሲዘጋ ለማስታወሻ ብለው ሰጥተውኝ ነበር። በክዳኑ ጎን፣ ከግርጌው አጠገብ፣ ብረቱ ተልጎ ንጹሕ የሆነበትን ቦታ መርጬ አንድ ጊዜ በመዶሻ መታሁት። ሠላሳ አንድ። ቆሜ አየሁት። ደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ልነግር አልችልም ነበር፤ ደግሞም ማን ይሰማኛል?

ክሮቹን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ገጠምኩት። ፊት፣ ቀጭ ቀጭ። ኋላ፣ ቀጭ ቀጭ። የመሃለኛው ቀኝ ዳዶ መስመሩ ላይ ደርሶ ቀጭ አለ። ግራው ግን መስመሩ ላይ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ቀጭ አለ። የቀረው የክብሪት እንጨት ውፍረት አይሞላም። «የዘይቱ ነው» አልኩ ለራሴ። ቅድም ዳዶዎቹን ያጠበቅሁት በደረቁ ነበር፤ አሁን ዘይት ነክቷቸዋል፤ ዘይት ደግሞ ልክ ይለውጣል። መብራቱን አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤት ስምንት የሥጋ ፓይ በወረቀት አስጠቅልዬ ገባሁ። ዴስ ሽታውን ከሩቅ ያዘው።

«ጉድ በል! ገና ሳይዞር ገዝታ መጣች! አለቃ፣ ይቺን ሴት ይዩልኝ እስቲ፣ እንግዲህ ካልዞረ ፓዩን ምን ልታደርገው ነው?»

ሚስተር ዋግስታፍ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። እጃቸውን እንደ ሐኪም እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ሌሎች ሦስት ባለቁልፎችም ሻያቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆሙ።

«ሚስ ትራንተር» አሉ። «ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ መሰለዎት? እርስዎ ሠርተው እኔ የምፈትሽበትን ቀን።»

«ቀይ ቀለሙ መደርደሪያው ላይ አለልዎት» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት በክራንኩ ጫፍ ባለው ሰፊ ብረት ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቡ። ክራንኩ ሳይንገራገጭ፣ ሳይጎትት፣ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። አንድ ሙሉ ዙር። ሁለተኛ። ጣታቸውን ሲያወጡት በራሱ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«ዞረ!» አሉ።

ዴስ በመፍቻ በርሜል ደበደበ። ሚስተር ዋግስታፍ በብሎኩ ጎን ላይ በጠመኔ ምልክታቸውን ጻፉ፤ ከኪሳቸውም ቁልፏን አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሯት። ገና በሰውነታቸው ሙቀት ሞቃለች። «አሥራ ሁለተኛዋ» አሉ። «ከሁሉም ለስላሳ ነው የዞረው። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ ጣቴ የነገረኝን ነው።» ቁልፏን በሽርጤ ኪስ ከተትኳት። የምዋሽበት ምክንያት የለኝም፤ በዚያች ደቂቃ ከፋብሪካው ሰው ሁሉ በልጬ ነበር።

ፓይ መብላት ተጀመረ። እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። እጄ በሞተር ዘይት ስለተለወሰ ሳሙናው ከእጄ እየሾለከ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው ነው የገባኝ።

ዘይት ያሾልካል። ዘይት የነካው ዳዶ በዚያው ኃይል ከደረቁ ይልቅ የበለጠ ይዞራል እንጂ ያነሰ አይዞርም። የዘይቱ ቢሆን ኖሮ የግራው ዳዶ ከመስመሩ ማለፍ ነበረበት። እሱ ግን ጎድሏል። ስለዚህ ከሥሩ ሽቅብ የያዘው ነገር አለ።

ስንት እንደሆነ በጭንቅላቴ አሰላሁት። የዚያ ቡሎን ጥርስ በአንድ ኢንች ሃያ ነው፤ ዳዶው አንድ ዙር ሲዞር ሃምሳ ሺሕኛ ይወርዳል። የክብሪት እንጨት ውፍረት የማይሞላ ጉድለት ከአንድ ሺሕኛ እምብዛም አያልፍም። አንድ ሺሕኛ ጣት አያውቀውም። በዚያ ላይ ክዳኑን ከፍ የሚያደርግ ነገር ክራንኩን አያጠብቀውም፤ እንዲያውም ያላላዋል። ለዚህ ነው እንደዚያ ለስላሳ የዞረው።

ቧንቧውን ዘጋሁ። ፎጣው ላይ እጄን ከሚገባው በላይ ቆይቼ አደረቅሁ። ማንም አያውቅም። ገንዳው ከተዘጋ ማንም አያየውም። ምናልባት አሥር ሺህ ማይል ይሄዳል። ምናልባት ምንም አይሆንም። እንዲህ የሚሉኝን ሠራተኞች ስንቱን ሰምቻለሁ! «ሚስ ትራንተር፣ አንድ ሺሕኛ ምን ታደርጋለች?» ይሉኝ ነበር። ዓይናቸውን እያየሁ ቀይ ቀብቻለሁ።

ተመልሼ ሄጄ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት።

«ሚስተር ዋግስታፍ፣ መሃለኛውን ልፈታው ነው።»

ሚስተር ዋግስታፍ ፓያቸውን አልዋጡትም ነበር።

«ምን አሉ?»

«የግራው ዳዶ ቀደም ብሎ ጠብቋል። ክዳኑ ሥር አንድ ነገር አለ።»

«ዞሯል እኮ!»

«ዞሯል።»

«ጣቴ ዞሯል ካለ ዞሯል! ሠላሳ ዓመት ክራንክ ሞክሬያለሁ፤ ካሳለፍኩት ውስጥ አንድ ተመልሶ የመጣ የለም። የማይዞረውን የሚለየው ማን ሆነና ነው?» ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ። «ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሲጥሉ ኖሩ። አሁን ደግሞ ያሳለፍኩትን ሊጥሉ ነው?»

«የርስዎን አይደለም የምጥለው። የኔን ነው።»

«ቤሪል» አለ ዴስ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። «ከፈታሽው አለፈ የተባለው ይሰረዛል። ደንቡን ታውቂያለሽ። ተዪው፣ የኔ እመቤት። አለቃ ካሉ አሉ ነው።»

«ዴስ፣ ያንን መብራት አቅርብልኝ።»

ዴስ አለቃውን አየ፤ እኔን አየ፤ መብራቱን አቀረበ።

ዳዶዎቹን ፈታሁ። ክዳኑን አውጥቼ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁ። በዓይን ምንም አይታይም። የክበቡን ወፍራም መስታወት አወረድኩ፤ አንድ ነገር ፍጹም ዝርግ መሆኑን የምንፈትሽበት ነው። በላዩ ላይ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀባሁ። ክዳኑን በግርጌው አስቀምጬ አንድ ጣት ያህል ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርጌ አነሣሁት። ልክ የሆነ ግርጌ ሁለቱም እግሮቹ እኩል ሰማያዊ ይሆናሉ። ቀኙ እግር ከውጭ ጠርዙ ብቻ ነካ። በግራው እግር ላይ የታየው ከሽንብራ ፍሬ ያነሰች አንዲት ነጠብጣብ ናት። ከነጠብጣቧ በላይ፣ በክዳኑ ጎን፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር ተቀምጧል።

ብረት ሲመታ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ከጠርዙ አጠገብ ስለመታሁት ወደ ግርጌው ገፍቶ አብጧል። በመለኪያ ክፍል ማኅተም ከተመታ በኋላ ዕቃው ወደ ሳጥን ነው የሚገባው፤ ማንም ተመልሶ አይገጥመውም፣ ማንም ተመልሶ አይለካውም። እኔ ግን ለክቼ፣ መትቼ፣ ገጠምኩት። ሠሪ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ይህን ሊሠራ የሚችል ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

እብጠቷን እንደ ሰዓት መርፌ ባለው መለኪያ ለካሁ። አንድ ሺሕኛና ሩብ።

«ያምጡት» አሉ ሚስተር ዋግስታፍ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ በመነጽራቸው ላይ ደግሞ ማጉያዬን ደረቡ። ክዳኑን በመብራቱ ሥር አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን፣ ያንኑ ጣት፣ በእብጠቷ ላይ አሳለፉ። ደግመው አሳለፉ።

«ማን ነው የመታው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«ከለካሁ በኋላ።»

«ለምን?»

ይሄኛው ከሁሉም ከበደኝ። «ደስ ስላለኝ» አልኩ።

ዴስ አፉን በመዳፉ አፈነ፤ አልቻለም። «እመቤት አይሆንም ራሷን ጣለች! በራሷ ማኅተም!» አለና በርሜሉ ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ባለቁልፎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሚስተር ዋግስታፍ ግን አልሳቁም። «ዝም በል፣ ዴስ» አሉት። «እኔ እኮ አሳልፌው ነበር።»

ማረሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ደቃቅ መሳያ ድንጋይ ዘይት ውስጥ ነክሬ እብጠቷን ብቻ፣ ዙሪያዋን ሳልነካ፣ በትንሽ በትንሹ ፈገፈግሁ። ሦስት ጊዜ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሁለቱም እግሮች ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ሆኑ። ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው፦ አጠብኩ፣ አረንጓዴዋን ክር አጋደምኩ፣ በደረቁ አጠበቅሁ። ሁለቱም ዳዶዎች መስመራቸው ላይ ቀጭ አሉ። ፈታሁ፤ ክሯ ሁለት ሺሕኛ አለች። ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ ገጠምኩ። አሁን ሁለቱም መስመራቸውን በእኩል በጥቂቱ አለፉ፤ ዘይት ማድረግ ያለበትን አደረገ።

«ይሞክሩት» አልኳቸው።

ጣታቸውን አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዞሩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ጣታቸውን አውጥተው አዩት።

«ከቅድሙ ጋር አንድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልዩነቱን ማወቅ አልቻልኩም። ምንም።» ጨርቅ አንሥተው በብሎኩ ጎን ያለውን የጠመኔ ምልክታቸውን አጠፉ። ቁልፏን ከጠረጴዛው አንሥተው ወደኔ ዘረጉ። «ይያዙ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እሽረዋለሁ። ይህ ሞተር ከዚህ ቤት ከወጣው ሁሉ የተሻለ ነው።»

ልቀበላቸው ፈልጌ እጄ ተንቀሳቅሷል። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ያደረግሁትን አውቃለሁ። የታረመ ዕቃ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም የተሻለ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ያለፈ ግን አይባልም።

«አይሆንም» አልኩ። «ዳግመኛ ተፈትቷል። አንድ ዓመት በባለቁልፍ ሥር እሠራለሁ።»

«ሚስ ትራንተር፣ እልኸኛ ነዎት።»

«በርስዎ ሥር ቢሆን እመርጣለሁ።»

ሽማግሌው ቁልፏን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። ከደንቡ አጠገብ ባዶ ሚስማር ነበር፤ ቁልፏን እሱ ላይ ሰቀሉ። ቀጥለው የራሳቸውን የቁልፍ ማያያዣ አወጡ፤ የጋራዡን ቁልፍ በጥፍራቸው ታግለው አላቀቁና ከኔዋ ጎን ሰቀሉት።

«አለቃ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ዴስ።

«የማያልፈውን ያሳለፈ ፈታሽ ምን ይደረጋል፣ ሚስ ትራንተር? በርስዎ ክፍል?»

«ማኅተሙን ያስረክባል» አልኩ። «አንድ ዓመት ከሌላ ተቆጣጣሪ ጋር ጥንድ ሆኖ ይሠራል።»

«እንግዲያው እንዲያ ነው።»

«ቆይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ» አለ ዴስ። «እሷ ቁልፍ የላትም። እርስዎ ቁልፍ የለዎትም። እሷ በርስዎ ሥር ናት፤ እርስዎ ከሷ ጋር ጥንድ ነዎት። በሩን ማን ሊከፍት ነው ታዲያ?»

ሁላችንም አየነው።

«ኸረ በእግዚአብሔር!» አለ ዴስ።

ሞተሩ በሰኔ ተነሣ። መጀመሪያ ያለ እሳት በማስነሻው ብቻ አዞርነው፤ የዘይቱ ግፊት መርፌ ተንቀጠቀጠችና ስልሳ ላይ ወጥታ ቆመች። ከዚያ በእሳት። ሚስተር ዋግስታፍ የረጅም መፍቻ አንዱን ጫፍ ብሎኩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሦስቱን ማረፊያዎች ተራ በተራ አዳመጡ። መሃለኛው ላይ ከሁለቱ ይበልጥ ቆዩ። ቀና ሲሉ መፍቻውን ለኔ አቀበሉኝ። እኔም አዳመጥኩ። የሚሰማው ዘይት ውስጥ የሚሄድ ብረት ብቻ ነበር፤ እኩል፣ የማያቋርጥ፣ የኔ።

በዚያ ዓመት አሥራ ዘጠኝ ክራንክ አብረን ፈትሸናል። እኔ መስመር አሰምራለሁ፣ እለካለሁ፤ እሳቸው ያዞራሉ። ሦስቱን መልሰናል፤ ሦስቱም ለጣት ዞረው ነበር። ዴስ በየቅዳሜው በር ሊከፍት ይመጣል፤ በየቅዳሜውም ያረፍዳል፤ ባረፈደ ቁጥር ደግሞ የአውቶቡሱን መርሐ ግብር ይከሳል።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ከቦዩ በኩል አግድም ይመታ ነበር። ሚስተር ዋግስታፍና እኔ ኮታችንን ጆሯችን ድረስ ስበን በሩ ጥግ ቆመናል። አዲስ የገባ አባል፣ ከነሥራ ልብሱ የመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጃንጥላውን ይዞ ደረሰ። እኔን አየ፤ የክበቡን ትልቅ ሰው አየ።

«ሚስተር ዋግስታፍ፣ እርስዎ እንኳ ቁልፍ የለዎትም?» አለ እየተገረመ።

ሚስተር ዋግስታፍ ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። ውሃው ከቆባቸው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ነበር።

«የለንም» አሉት።

እኔም ቀና ብዬ ከጎናቸው ቆምኩ።